አርባ ሁለት ቆርቆሮ ከጅጋ እስከ ቡሬ

ይህን የምጽፈው ሽሮ ሜዳ ቤቴ ሆኜ፣ ቀኝ እግሬን ሁለት ትራስ ላይ ሰቅዬ ነው። ባለቤቴ ባለፈች ባገደመች ቁጥር ጉልበቴን እያየች ራሷን ትነቀንቃለች። ይህን ጉልበት ይዤ ጎጃም ድረስ ለምን እንደሄድኩና እዚያ ምን እንዳገኘኝ፣ ያን መንገድ ሄዶ ለማያውቅ ሰው ከነጭንቀቱ ልተርክለት ነው የተቀመጥኩት።

መቼም ሳይጨነቅ ውሎ የሚያድር ሰው አለ ይባላል፤ እኔ አይደለሁም። ኢንሹራንስ ድርጅት ውስጥ ካሳ ክፍል ነው የምሠራው። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው መኪና እንዴት እንደተገለበጠ፣ የሰው መጋዘን እንዴት እንደተቃጠለ ሳነብ ስለኖርኩ ደረጃ ስወርድ መጀመሪያ የሚታየኝ አወዳደቄ ነው። ሩጫ የጀመርኩት አርባ አንድ ዓመት ሲሞላኝ ነው፤ ሐኪሙ ስኳሬ ድንበር ላይ መድረሱን ሲነግረኝ ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ በማግስቱ ጫማ ገዛሁ። ከዚያ በኋላ በያመቱ ለማራቶን እመዘገባለሁ፤ በያመቱም አንድ ነገሬ ይበጠሳል። መጀመሪያ ቁርጭምጭሚቴ፣ ቀጥሎ የተረከዜ ጅማት፣ በመጨረሻ ቀኝ ጉልበቴ። ሦስት ማራቶን ተመዝግቤ የሮጥኩት አንድም የለም። የቢሮ ሰዎች "ተመዝጋቢው" ይሉኛል።

የዚህ ጉዞ ጥፋት የሙሉ ነው። ሙሉ ከጎኔ ባለው ጠረጴዛ የምትሠራ የቡሬ አካባቢ ልጅ ናት። በተወለደችበት ቀበሌ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ የአገሩ ሰው ለነፍሰ ጡሮች ማቆያ ቤት መሥራት ጀምሮ፣ ግድግዳው ቆሞ ጣሪያው እንደቀረ አንድ ቀን ምሳ ላይ ነገረችን። የመውለጃቸው ቀን የተቃረበ እናቶች ቀደም ብለው መጥተው የሚያርፉበት ቤት ነው። ክረምት ከገባበት የጭቃው ግድግዳ ይፈርሳል። እኔም ለጨዋታ ያህል "እዚያ ሄጄ ማራቶን ብሮጥ ምን ታዋጣላችሁ?" አልኩ። ከመቅጽበት ወረቀት ዞረ፤ ለአንድ ኪሎ ሜትር አንድ ቆርቆሮ ተባለ። አለቃችን ፈርሞ ሲያበቃ "በእግር የተኬደው ብቻ ነው የሚቆጠረው" የምትል ዓረፍተ ነገር ጨመረበት። የካሳ ሰው ሌላ ቋንቋ አያውቅም። አናጺው የጠየቀው ደግሞ ልክ አርባ ሁለት ቆርቆሮ ነበር። ሠላሳ ላይ ጉልበቴ ቢከዳኝ ጣሪያው አሥራ ሁለት ይጎድለዋል፤ ዝናብ ደግሞ የጎደለውን ፈልጎ የሚገባ ነገር ነው።

የመጀመሪያው ቀን

ጥር ውስጥ ነው የተነሣሁት። አውቶቡሱ ውስጥ ከፊቴ ያለው ወንበር ጉልበቴ ላይ ተቀምጧል ማለት ይቻላል። ከእግሬ ሥር የአንዲት እናት ጆንያ ነበር። እግሬን መዘርጋት ስላልቻልኩ በየግማሽ ሰዓቱ እየተነሣሁ መተላለፊያው ላይ እቆማለሁ፤ ረዳቱ ደግሞ "አባት፣ ይቀመጡ!" ይለኛል። አባት የምባልበት ዕድሜ ላይ መድረሴን ያን ጊዜ ነው የሰማሁት።

ዓባይ በረሃን ስንወርድ ሰው ሁሉ በመስኮት ገደሉን ያደንቃል፤ እኔ የሹፌሩን እጅ አያለሁ። አንዱ መሪ ላይ፣ ሌላው ስልክ ላይ ነበር። በልቤ የአደጋውን ሪፖርት ጽፌ ስጨርስ ድልድዩን ተሻገርን። ደጀን ወጥተን ሜዳው ሲዘረጋ ትንሽ ተነፈስኩ። እኛ ሽሮ ሜዳ ሰማይ የምናየው በጣሪያና በጣሪያ መካከል ነው፤ እዚህ የጤፍ ክምሩ አልቆ ሰማዩ እስኪጀምር ድረስ ዓይን የሚያግደው የለም።

ደብረ ማርቆስን አልፈን ምሳ ያልበላ ሰው መቁነጥነጥ ሲጀምር ባለጆንያዋ እናት አገልግሏን ፈታች። ለራሷ ያሰበችው ነበር፤ ለስድስት ሰው አካፈለችው። ሆዴን እንዳይነካኝ ፈርቼ እጄን ብሰበስብ "ምነው ጃል፣ ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል፤ ልሙት ወይ?" ብላ አጎረሰችኝ። አዲስ አበባ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ሙዝ ሲልጥ ፊቱን ወደ መስኮት ያዞራል።

ፍኖተ ሰላም የገባነው ከቀኑ አሥር ሰዓት አልፎ ነው። የተቀበለችኝ የሙሉ ታላቅ እህት ውድነሽ ናት፣ ከባለቤቷ ከመምህር ይሁኔ ጋር። ከላይ እስከ ታች አየችኝና "ሙሉ ሯጭ ይመጣል ስትለኝ ቀጭን ሰው ነበር የጠበቅሁ" ብላ ወዲያው አፏን በነጠላዋ ያዘች። "ይቅርታዎን! መንገዱ ነው ያሳበጥዎ።" ባሏ ሳቁን ለመደበቅ ሻንጣዬን ይዞ ቀደመ። የራሳቸውን መኝታ ለቀውልኝ እነሱ ሳሎን መሬት ላይ ተኙ። ብለምን ባስለምን ውድነሽ "የእንግዳ አልጋ ላይ ተኝተን ነገ ምን ልንባል?" አለችኝ። አልጋው የእነሱ መሆኑን ባስታውሳትም አልሰማችኝም።

ሁለተኛው ቀን

መንገዱን አስቀድሜ ለማየት በሚኒባስ ወደ ቡሬ ወጣሁ። ነዳጅ ጠፍቶ ስለነበር ተሳፋሪው ብዙ፣ መኪናው ጥቂት ነው። እኔ መስኮት ሥር ሆኜ ዳገት እቆጥራለሁ። አገሩ ከእንጦጦ ዝቅ ያለ በመሆኑ አየሩ ለሳንባዬ ተስማምቶታል፤ ግን ከማንኩሳ በኋላ መንገዱ ቀስ እያለ ሽቅብ ይወጣል፣ ፀሐዩም ከኛው ይበረታል። በየደጁ በርበሬ ሊደርቅ ተሰጥቷል። ሌላው ተጓዥ ስለ በርበሬው መቅላት ያወራል፤ እኔ ደግሞ ሠላሳ አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ብናኙ ቢያስነጥሰኝ ጉልበቴ ይዞራል እያልኩ አስባለሁ።

ጤና ጣቢያው ቡሬ ከመደረሱ በፊት ከመንገድ ዳር ነው። ማቆያ ቤቱ ሙሉ እንደነገረችን አራት ግድግዳ ብቻ ነው፤ ውስጡ ቆሞ ቀና ያለ ሰው ሰማይ ያያል። አዋላጇ ሲስተር አልማዝ አስጎበኘችኝ። "ማረፊያ ስለሌላቸው ምጥ እስኪይዛቸው ቤታቸው ይቆያሉ። አምቡላንስ ካለ ይመጣሉ። ከሌለ በቃሬዛ ነው።"

ታማሚ በትከሻ የሚያመላልሰው የቃሬዛ ማኅበር አለቃ አያ አንማው ግድግዳውን ሊመርጉ መጥተው ነበር። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ትከሻቸው የጎበጠ ገበሬ ናቸው። ቃሬዛው ከማንኩሳ በላይ አንድ አባል ቤት እንደሚቀመጥ ነገሩኝ። ሁለት የባሕር ዛፍ እንጨት፣ መካከሉ በጠፍር የተጠላለፈ። ሕጉም አንድ ነው አሉ። ታማሚ የያዘ ቃሬዛ ያየ መንገደኛ፣ ገበያ ይሂድ ልቅሶ ይሂድ፣ ትከሻውን ሳይሰጥ አያልፍም። በበቅሎ ያለ ይወርዳል። ትከሻ ነስቶ ያለፈ ሰው ሲሞት ተሸካሚ አያገኝም።

"እርስዎስ፣ ምን ተስለው ነው የሚሮጡ?" አሉኝ።

ስለት አለመሆኑን፣ ለያንዳንዱ ኪሎ ሜትር አንድ ቆርቆሮ መሆኑን አስረዳኋቸው። ጭቃ የያዘ እጃቸውን እንዳንጠለጠሉ ሰሙኝና "ሰዎቹ ቆርቆሮውን ሊሰጡ ፈቅደዋል አይደለም?" አሉኝ።

"አዎ።"

"እርስዎ ካልሮጡላቸው ግን አይሰጡም።"

"አዎ።"

"እና እርስዎ ጉልበትዎ ሲታመም እነሱ ምን ያገኛሉ?"

ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር አጠበቅኩ። እኔን ላለማሳፈር ብለው "እንግዲህ የከተማው ሥርዓት ይሆናላ" ብለው ወደ ምርጊታቸው ተመለሱ።

ማታ ፍኖተ ሰላም ስመለስ ውድነሽ ወጌሻ አስጠርታ ጠበቀችኝ። የአዲስ አበባው ሐኪሜ ማንም ጉልበቴን እንዳይነካ አስጠንቅቆኝ ነበር። ይህን ልናገር ስል ሽማግሌው ወጌሻ ከስንት ሰዓት መንገድ ለእኔ ሲሉ መምጣታቸውን ሰማሁና አፌን ዘጋሁ። በቅቤ አሹት፣ ጎተቱት፣ አንድ ነገር "ቀጭ" አለ። እሳቸው "ገባ" አሉ፤ እኔ በልቤ "ወጣ" ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ጉልበቴን በእጄ ይዤ አደርኩ።

ሦስተኛው ቀን

ጎህ ሲቀድ መምህር ይሁኔ በተከራየው ባጃጅ ወደ ደብረ ማርቆስ በኩል መልሶ ከጅጋ ከተማ ወዲያ ሦስት ኪሎ ሜትር ወሰደኝ። ከዚያ እስከ ጤና ጣቢያው በር አርባ ሁለት ነው። እሱ ውኃ ይዞ ሊከተለኝ ነው የተስማማነው። ብርዱ ደስ ይላል። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሰዎች እያዩኝ "ምን አባረረው?" ይባባላሉ፤ አንዱ ወደ ኋላዬ ዞሮ የሚያባርረኝን ሲፈልግ አየሁት። ጅጋን አለፍኩ። ጉልበቴ ዝም አለ። የወጌሻው ቅቤ ግን ወደ ካልሲዬ ወርዶ እግሬ ጫማው ውስጥ ይንሸራተታል። ጉልበቴ ዝም ሲል ይበልጥ ፈራሁት፤ እኔ ጋ ዝም ያለ ነገር ሁሉ በኋላ ነው የሚመጣው።

ፍኖተ ሰላም መውጫ ላይ ባጃጁ ቤንዚን ጨረሰ። ይሁኔ ሁለት ጠርሙስ ውኃ በእጄ አስይዞ "ፈልጌ እደርስብዎታለሁ" አለኝ። ነዳጅ እንደማይገኝ እሱም እኔም እናውቃለን። ብቻዬን ቀጠልኩ። መንገዱ ላይ መኪና የለም ማለት ይቻላል፤ የራሴን ትንፋሽና የጫማዬን ድምፅ ብቻ እየሰማሁ ሃያን፣ ሃያ አምስትን አለፍኩ። ማንኩሳ ላይ አንዲት ሻጭ ሙዝ ሰጥታኝ ገንዘብ አልቀበልም አለች፤ ኪሴን ስዳብስ "ኧረ ሂዱ እቴ!" ብላ ገፋችኝ። በሕይወቴ እንዲያ ርቄ ሮጬ አላውቅም። ለአንድ አፍታ ሳልፈራ ሮጥኩ።

ሠላሳ አንድ ላይ ጉልበቴ ተቆለፈ። መወጋት አይደለም፤ ጭራሽ አልታጠፍ አለ። ጥቂት ጎተትኩትና ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። አሥራ አንድ ቆርቆሮ ቀርቷል። ሐኪሜ "አንድ ቀን እምቢ ብለኸው ከሄድክ በቀዶ ጥገና ነው የምትመለሰው" ያለኝ ጆሮዬ ላይ ይጮኻል። ፊቴን በእጄ ሸፍኜ ተንሰቀሰቅኩ ብል አላፍርም።

እንዲያ ሆኜ ነው ሁለት ሴቶች ያዩኝ። አንደኛዋ እሪታዋን አቀለጠችው። ከአውድማ ላይ ሰዎች እየሮጡ መጡ፤ ለካ ቃሬዛው የሚቀመጥበት ቤት እዚያው አጠገብ ኖሯል። ከመጡት አንዱ አያ አንማው ነበሩ።

"ደህና ነኝ" አልኳቸው።

"ደህና የሆነ ሰው መንገድ ዳር አያለቅስም" አሉና ቃሬዛውን አስወረዱ።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። መሄድ እችል ነበር። እያነከስኩ፣ እየተጎተትኩ፣ ግን እችል ነበር። ፈራሁ። ጉልበቴ ለዘላለም የሚበላሽ መሰለኝና እሺ ብዬ ተኛሁ።

አራት ሰው አነሣኝ። ቃሬዛ ላይ የተኛ ሰው የሚያየው ሰማይና የተሸካሚዎቹን አገጭ ነው። ጠፍሩ ጀርባን ይቆርጣል፤ ዳገት ላይ ደም ወደ ራስ ይወርዳል፤ ቁልቁል ሲሆን ሰውነት እንደ ጆንያ ወደ እግር ይሸሻል። ከተሸካሚዎቹ አንዱ "ለውጥ!" ሲል ትከሻ ይቀያየራል፣ ቃሬዛው ግን አይቆምም። መንገደኛ ሁሉ ትከሻውን ሰጠ። ማዳበሪያ የተሸከመ ሰው ሸክሙን ቦይ ውስጥ ጥሎ ገባ። አንዲት አሮጊት ጫፉን ስመው "ማርያም ትማርዎ" አሉኝ። አንድ ቄስ ከበቅሏቸው ወርደው መስቀል አሳለሙኝና "ሕመሙ ምንድን ነው?" አሉ። "ሲሮጥ ጉልበቱን" አለ አንዱ ተሸካሚ። ቄሱ ገና ሌላ ሕመም እንደሚጨመር ጠበቁ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ሄደን አንድ ጎልማሳ ከኋላ እየሮጠ ደረሰብን። ጫማውን በእጁ ይዟል። ደሳለኝ ይባላል። "ቃሬዛው የት አለ? ሚስቴ ጥሩሰው! ከሌሊት ጀምሮ ምጥ ላይ ናት፣ ደም…" ብሎ ሳይጨርስ ቃሬዛው ላይ እኔን አየ። ሚስቱ ያለችበት ጎጥ ከተነሣንበት ቦታ ወዲያ ነው፤ ቃሬዛው ወደሚቀመጥበት ቤት ሄዶ ሲያጣው ነው ተከትሎን የመጣው።

ማንም ውረድ አላለኝም። እኔም አልወረድኩም፤ ወደቅኩ ማለት ይሻላል። አያ አንማው "አይዞዎት፣ እንመለሳለን" አሉኝ። ባዶውን ቃሬዛ ይዘው ወደ መጡበት ሲሮጡ እያየሁ መንገዱ መካከል ቆሜ ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁለት ሰዓት ልቤ ዛሬም አይችለውም። እነሱ እኔን ሁለት ኪሎ ሜትር ሲያመጡኝ፣ ሰውየው ባዶ ቤት ደርሶ ሲፈልግ፣ ተመልሰው ሲሄዱ፣ የሴትዮዋ ደም እየፈሰሰ ነው። የጠፋው ጊዜ የኔ ነው። የሰው ሪፖርት ሳነብ "አደጋውን ያፋጠነው ምክንያት" የሚል ክፍት ቦታ አለ፤ እዚያ የኔ ስም ተጽፎ ታየኝ። ጉልበቴን ረሳሁት። ያን ያህል ያመመኝ እግር ታጠፈ፣ ተዘረጋ፣ እንጨት እየተደገፍኩ ወደ ቡሬ ሄድኩ። ኋላ ኋላዬን አያለሁ። የለም። አሁንም አያለሁ። የለም።

ሠላሳ ሰባት ላይ "ለውጥ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። በጋቢ የተሸፈነ ቃሬዛ እየበረረ መጣ። ሕጉ ትዝ አለኝና እንጨቴን ጥዬ ትከሻዬን አገባሁ። ከጋቢው ሥር ማቃሰት ይሰማል፤ እንግዲህ በሕይወት አለች። ስምንት፣ ዘጠኝ እርምጃ ሄድኩ። ጉልበቴ ከዳኝና ቃሬዛው ወደኔ ተዘነበለ። ከኋላዬ ያለው ሰው በቀስታ "ይልቀቁ፣ አባቴ፣ ይልቀቁ" አለኝ። ለቀቅኩ። ለሁለተኛ ጊዜ አዘገየኋት ማለት ነው። አልፈውኝ ሄዱ።

ጤና ጣቢያው በር ስደርስ ቀኑ ተጋምሷል። ኪሎ ሜትር የሚቆጥረው የእጅ ሰዓቴ አርባ ሁለት ይላል፤ ያየውም ያጨበጨበም የለም። እየተፈራረቁ የተሸከሟት አሥራ ሁለት ሰዎች ጣሪያ በሌለው ቤት ግድግዳ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል፤ ደሳለኝ ብቻውን በሩ ላይ ቆሟል። ለመጠየቅ ድፍረት አጣሁ። ስልኬ ጮኸ፤ ሙሉ ናት።

"ስንት ደረስክ?"

"አርባ በይ።"

"ሁለቱ ምን ሆኑ?"

"ሁለቱን ሰው ነው የሄደልኝ። ሁለቱን ቆርቆሮ ከኪሴ እጨምራለሁ" ብዬ ዘጋሁት።

ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ሲስተር አልማዝ እጇን እየጠረገች ወጣች። "ሴት ናት። ሁለቱም ደህና ናቸው፤ ደሙ ቆሟል" አለች። ደሳለኝ ተደፍቶ መሬቱን ሳመ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ተንሸራትቼ ተቀመጥኩ።

ትንሽ ቆይቶ ከጎረቤት በሰፌድ እንጀራ መጣላቸው። አልቆረሱም። አያ አንማው ተነሡ፤ የቀሩትም ተነሡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊቴ መጥተው ተሰለፉ። ደሳለኝም ከመካከላቸው ነበር።

"እንግዳችን ነዎት፤ ታመው አግኝተንዎ ነበር" አሉ አያ አንማው። "ከመንገድ ጥለንዎ ሄድን። በዚህ ዕድሜዬ ከቃሬዛ ሰው አውርጄ አላውቅም። ይቅር ይበሉን።"

አፌን ከፈትኩ። መሄድ እችል እንደነበር፣ ፈርቼ እንደተኛሁ፣ ይቅርታ የምጠይቀው እኔ እንደሆንኩ ልናገር ነበር። አሥራ ሦስት ሰው ራሱን ደፍቶ ቆሟል። ከጧት ጀምሮ እህል አልቀመሱም፤ ይቅር ካልተባሉ ደግሞ ተቀምጠው አይበሉም።

"ይቅር ለእግዚአብሔር" አልኳቸው።

ተቀመጡና በሉ።